ቀላል ሩጫ የት ላይ ያበቃል? የኤሮቢክ ገደብን ለማወቅ የትኛው ፈተና ይሻላል

ጠዋት ጃንሜዳ ወይም መስቀል አደባባይ ከሚሮጡት ብዙዎቹ አሁን አሁን እጃቸው ላይ ሰዓት አስረዋል። ሰዓቱ 150 ይላል። 150 ቀላል ነው ወይስ ከባድ? ሰዓቱ አያውቅም። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ እያለ ይከፋፍለዋል እንጂ ክፍፍሉን ያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜያችሁ ተነስቶ በግምት ነው። አንዱ ሯጭ በ150 እያወራ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጓደኛው በዚያው 150 ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይዝላል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የኤሮቢክ ገደብ ነው። ስንሮጥ ሰውነታችን ሁለት ድንበር ይሻገራል። ከመጀመሪያው በታች ስንሆን ስብን በደንብ እናቃጥላለን፤ ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨውና በደም ውስጥ የሚገኘው ላክቴትም በእረፍት ጊዜ ከነበረበት ብዙ አይርቅም። ትንፋሽ ይረጋጋል። ይህ የመጀመሪያው ድንበር የኤሮቢክ ገደብ ነው። ሁለተኛው፣ አናይሮቢክ የሚባለው፣ ላክቴት ሰውነት ሊያስወግደው ከሚችለው በላይ የሚጠራቀምበት ነው። ጠንካራ ሯጭ እዚያ ላይ ቢቆይ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የማራቶንም ሆነ የግማሽ ማራቶን ልምምድ ሰፊው ክፍል የሚሠራው ከመጀመሪያው በታች ስለሆነ፣ እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ እሱ ነው።

የሀገራችን ታላላቅ ሯጮች ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር ሠርተውታል። እንጦጦ ጫካ ወይም ሱሉልታ በሰልፍ ተከታትለው ሲሮጡ ያየ ሰው፣ በቀላሉ ቀን ምን ያህል ቀስ እንደሚሉ ያውቃል። ከፊት ያለው ይመራል፤ ሌላው እግር በእግር ይከተላል። ግን እነሱ አሰልጣኝ አላቸው፣ የዓመታት ልምድም አላቸው። ከቢሮ መልስ የሚሮጥ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ሶምሶማ ነው እያለ ሳያውቀው ይፈጥናል፤ በጠንካራው ቀን ደግሞ ጉልበት ያጥረዋል። ቁጥር የሚጠቅመው ለዚህ ሰው ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው ከታች የምገልጸው የአንድ ሰዓት ፈተና ይበቃል። ቀመር መነሻ ነው፤ ከመነሻ ያለፈ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። የላክቴት መለኪያ ጥሩ ነው፤ ግን በደንብ ካልተሠራ ከቀመሩም ይብሳል። ላብራቶሪ ደግሞ ገንዘብ ያለውና ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ይሂድበት።

ከፈተናው በፊት፦ የደረት ቀበቶ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ የልብ ምቱ ራሱ ትክክል ካልሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው ቆዳ ላይ ብርሃን አብርቶ ነው። ሰዓቱ ከላላ ይስታል። እጅ ከቀዘቀዘ ይስታል፤ የእንጦጦን ጠዋት አስቡት። አንዳንዴ ደግሞ የእግራችንን እርምጃ ቆጥሮ የልብ ምት ነው ይለናል። በዘገምታ ሩጫ ላይ በድንገት 170 ካያችሁና ትንፋሻችሁ ከተረጋጋ፣ ምናልባት ያያችሁት እርምጃችሁን ነው። ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ግን የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ ብዙ የተሻለ ነው። በሰዓትና በቀበቶ መካከል የምትመርጡ ከሆነ፣ ውድ ሰዓት ከመግዛት ርካሽ ሰዓትና ጥሩ ቀበቶ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረታችሁን የሚወጋችሁ፣ ስትሮጡ የሚያዞራችሁ ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም። የልብ ምት የሚቀንስ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ከታች ያሉት ቀመሮች አይሠሩላችሁም። እናንተ በትንፋሽ ሂዱ።

ቀመሮች

በጣም የታወቀው 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። ይህ ገደቡን ሳይሆን ከፍተኛውን የልብ ምት የሚገምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣ ጽሑፍ የተስፋፋ ሲሆን፣ ሯጮችን አሰልፎ ለሯጮች የተሠራ ጥናት ውጤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሌላው ቀመር 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ ይላል። በ40 ዓመት ሁለቱም 180 ይሰጣሉ። በ60 ዓመት ግን አንዱ 160፣ ሌላው 166 ይላል።

ችግሩ የትኛው ቀመር የተሻለ ነው የሚለው አይደለም። አንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ራሳቸው በጣም ይለያያሉ። የአንዱ የ40 ዓመት ሰው ትክክለኛ ከፍተኛ ምት 168፣ የሌላው 194 ቢሆን የሚገርም ነገር የለውም። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ከዚህ ግምት ላይ ደግሞ «75 በመቶው» ብለን ስንቆርጥ በግምት ላይ ግምት ደረብን ማለት ነው።

ከቀመሮቹ የተሻለ የማየው የአሜሪካዊውን አሰልጣኝ የፊል ማፌቶንን ነው፤ 180 ሲቀነስ ዕድሜ። ይህ በቀጥታ የቀላል ሩጫን ጣሪያ ይሰጣል። ከዚያ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይስተካከላል። ከከባድ ሕመም እያገገመ ያለ ወይም መድኃኒት ዘወትር የሚወስድ 10 ይቀንሳል። ጉዳት ያለበት፣ ጉንፋን የሚመላለስበት፣ አስም ወይም አለርጂ ያለበት፣ ወይም ልምምድ ገና የጀመረ 5 ይቀንሳል። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በሳምንት አራት ቀን ያህል ያለ ችግር የሠራ ቁጥሩን እንዳለ ይወስዳል። ከዚያ በላይ የሠራና እየተሻሻለ ያለ 5 ይጨምራል። የሃዋይን አይረንማን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር) 6 ጊዜ ያሸነፈው ማርክ አለን ከማፌቶን ጋር በዚህ መንገድ ሠርቷል።

ጥሩ ጎኑ ነጻ መሆኑና ዛሬውኑ የሚጀመር መሆኑ ነው። ሰውን ወደ ዝግታ ስለሚገፋም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ግን አሁንም መሠረቱ ዕድሜ ነው። ጠንካራ የ60 ዓመት ሯጭ 125 ላይ ሩጥ ቢባል መራመድ ሊሆንበት ይችላል። ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ የ25 ዓመት ልጅ ደግሞ 5 ቀንሶም 150 ሲባል፣ ትክክለኛ ገደቡ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ቀላል ቀኑ ሁሉ ከባድ ይሆንበታልና።

ትንፋሽ

መሣሪያ የማይፈልገው መንገድ መናገር ነው። ከገደቡ በታች ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ይወጣል። ከገደቡ ሲያልፍ በየመሃሉ መተንፈስ ግድ ይላል። አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች ሯጮቹን ትምህርት ቤት በቃላቸው ያጠኑትን የሰንደቅ ዓላማ ቃል ኪዳን ያስነብቧቸው ነበር። ለእኛ «አባታችን ሆይ» ወይም ፋቲሃ ይበቃል። ዋናው በቃል የሚታወቅና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ ተሟሟቁ። ከዚያ በሜዳ መንገድ ወይም በመሮጫ ማሽን ላይ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ፍጥነቱን ትንሽ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ ያጠናችሁትን ጮክ ብላችሁ በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፦ እንደ ልቤ እየተናገርኩ ነው? «አዎ» ያላችሁበትን የመጨረሻ የልብ ምት መዝግቡ። «እንጃ» ያላችሁበትን የመጀመሪያውንም መዝግቡ። ገደቡ በሁለቱ መካከል ነው።

ድክመቱ ሐቀኝነት መጠየቁ ነው። በተለይ በቡድን ሲሆን። አጠገቡ ጓደኛው እየሮጠ «ትንፋሽ አጠረኝ» የሚል ሀበሻ እስካሁን አላየሁም። ለብቻችሁ ሥሩት።

በአፍንጫ ብቻ መተንፈስን እንደ መለኪያ የሚጠቀሙም አሉ። አፍን ዘግቶ መሮጥ እስከቻሉ ድረስ ከገደቡ በታች ናችሁ ይላሉ። ለጠዋት ሩጫ እንደ ልጓም መጥፎ አይደለም። ግን አፍንጫ በጉንፋን ይደፈናል፣ በአቧራ ይደፈናል። በልምምድም ይለመዳል፤ ያኔ ገደቡን አልፈው እንኳ አፍን መዝጋት ይቻላል።

የአንድ ሰዓት ፈተና

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከገደቡ በታች በአንድ ፍጥነት ረጅም ሰዓት ብንሮጥ የልብ ምት ብዙም አይንቀሳቀስም። ከገደቡ በላይ ከሆንን ግን ፍጥነቱ ሳይለወጥ የልብ ምት ቀስ በቀስ ይወጣል። ምን ያህል እንደወጣ መለካት ነው።

መጀመሪያ ገደቤ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ቁጥር ያዙ። ከማፌቶን ቀመር ወይም ከንግግሩ ፈተና ልታገኙት ትችላላችሁ። 15 ወይም 20 ደቂቃ ተሟሟቁ፤ ላብ ጀመር እስኪያደርጋችሁ። ከዚያ የልብ ምታችሁ እዚያ ቁጥር ላይ የሚረጋጋበትን ፍጥነት ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ ፍጥነቱን አትንኩት። 60 ደቂቃ በዚያው ሩጡ። ሲያልቅ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ አማካይ የልብ ምትና የሁለተኛውን 30 ደቂቃ አማካይ አወዳድሩ።

ምሳሌ። የመጀመሪያው አማካይ 142፣ የሁለተኛው 148 ቢሆን ልዩነቱ 6 ነው። 6ን ለ142 ስታካፍሉ 4.2 በመቶ ይሆናል። ከ3.5 እስከ 5 በመቶ ከሆነ ገደባችሁን አግኝታችኋል፤ 142 ነው ማለት ነው። ከ3.5 በታች ከሆነ ገና ከገደቡ በታች ነበራችሁ። ሌላ ቀን በ5 ምት ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሁለተኛው አማካይ 153 ሆኖ ቢሆን ግን 7.7 በመቶ ነው። ያ ከባድ ነበር፤ ወደ ታች ውረዱ። አንዳንዶች 20 ደቂቃ ላይ ልባቸው ሽቅብ ሲሄድ ያዩና ፍጥነት ይቀንሳሉ። ያኔ ፈተናው ተበላሸ። ወይ ታገሱ ወይ አቁሙና ሌላ ቀን ሥሩት።

ከቤት ውጭ ፍጥነትን በእኩል መያዝ ከባድ ነው። ያኔ ገልብጡት። የልብ ምቱን በአንድ ቁጥር ላይ ያዙና በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት የሄዳችሁትን ርቀት አወዳድሩ። በሁለቱም ግማሾች 140 ላይ ቆይታችሁ መጀመሪያ 5 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ 4.8 ከሄዳችሁ የ4 በመቶ መቀነስ ነው። ትርጉሙ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ይህ ፈተና ቀላል ይምሰል እንጂ የሚያበላሹት ነገሮች ብዙ ናቸው። ሙቀት አንዱ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ በሙቀቱ ወቅት ውጭ ብትሠሩት የምትለኩት ገደባችሁን ሳይሆን አየሩን ነው፤ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ሲልክ ልብ መፍጠኑ አይቀርም። ውኃ ጥምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን እህል ውኃ ሳትቀምሱ ከሰዓት በኋላ የምትሠሩት ፈተና የሚነግራችሁ የዚያን ቀን ጥማችሁን ነው። እንቅልፍ ያጣችሁበት ቀንም አይሆንም። ቡና ከሩጫ በፊት የምትጠጡ ከሆነ ጠጡ፤ የማትጠጡ ከሆነ ለፈተናው ብላችሁ አትጀምሩ።

ቦታም ይመረጣል። አዲስ አበባ ለዚህ ፈተና ደግ ከተማ አይደለችም፤ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መም ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ የጂም መሮጫ ማሽን ይሻላል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ብዙ ማሽኖች ደግሞ በአንድ ሰዓት ራሳቸው ስለሚቆሙ ማሟሟቂያውን ለየብቻ ሥሩት። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የሲ ኤንድ ኦ ቦይን ዳር መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ሜዳ ነው። ቴል አቪቭ ያላችሁም የባሕሩ ዳር አላችሁ።

የላክቴት መለኪያ

የጣት ጫፍ ወይም የጆሮ ጫፍ ወጋ ተደርጎ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል። እንደ ስኳር መለኪያ ባለች ትንሽ መሣሪያ ይነበባል። ዝግ ብሎ በመጀመር በየአራትና አምስት ደቂቃው ፍጥነት ይጨመራል፤ በየደረጃው ይለካል። በእረፍት ላይ ካለው መነሻ ከፍ ማለት የሚጀምርበት የልብ ምት ገደቡ ነው። የቆየው ልማድ 2 ሚሊሞል በሊትር ላይ መስመር ያሰምራል። እኔ ግን መነሻውን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። መነሻው 0.8 የሆነ ሰው 2 ሳይደርስ ገደቡን አልፎ ሊሆን ይችላል።

በእጁ ያለው ነገር ደም ስለሆነ ሰው ያምነዋል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለበት። ላብ ውስጥ ራሱ ላክቴት አለ። ጣት በደንብ ካልተጠረገ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጎ ሁለተኛዋን መውሰድ ይገባል። ትናንት ረጅም ሮጦ ወይም ሳይበላ የመጣ ሰው ደግሞ ላክቴቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የተሻሻለ ይመስለዋል። መለኪያ ወረቀቶቹ ውድ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ፣ የአገልግሎት ጊዜያቸውም ያልፋል። መውጊያውን በምንም ምክንያት ከሌላ ሰው ጋር አትጋሩ።

«ኖርዌጂያኖቹ ይጠቀሙበታል» የሚል ክርክር ይሰማል። እውነት ነው። የኖርዌዩ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ያኮብ ኢንገብሪግስተንና የሀገሩ ሰዎች በልምምድ መሃል ላክቴት በመለካት ይታወቃሉ። ግን እነሱ በዋናነት የሚቆጣጠሩት ጠንካራውን ልምምድ ነው፤ ሁለተኛውን ገደብ እንዳያልፉ። የእናንተ ጥያቄ ቀላሉ ቀን ስንት ላይ ያበቃል ከሆነ፣ የእነሱ ምሳሌ ለመሣሪያ መግዣ ምክንያት አይሆንም። መሣሪያው የሚያዋጣው አሰልጣኝ ላለው ቡድን ነው። ብዙ ሰው ተካፍሎ ይገዛዋል፤ አንድ ሰው ደግሞ አለካኩን በደንብ ይማራል።

ላብራቶሪና ጭንብል

ፊት ላይ ጭንብል ታስሮ፣ የሚገባውና የሚወጣው አየር እየተለካ በማሽን ላይ መሮጥ ነው። ትንፋሽ ከኦክስጅን ፍጆታው ጋር ሲነጻጸር መብዛት የሚጀምርበት ነጥብ የመጀመሪያው ገደብ ነው። በጥሩ ባለሙያ እጅ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጀመሪያውን የትንፋሽ ገደብ ከነልብ ምቱ ለይታችሁ ትሰጡኛላችሁ? ብዙ ቦታ የሚሰጠው ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም ቁጥርና ከእሱ በመቶኛ የተቆረጠ ሠንጠረዥ ነው። ከፍተኛው ቁጥር ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለነገ ጠዋት ሩጫ ግን ምንም አይነግራችሁም። ፍጥነቱ በየደቂቃው የሚጨምር አጭር ፈተና ከሆነም የልብ ምት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ፣ የሚሰጣችሁ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሰዓቱ ራሱ የሚነግራችሁ

አንዳንድ የጋርሚን ሰዓቶች «የላክቴት ገደብ» ብለው ቁጥር ያወጣሉ። ያ ሁለተኛው ገደብ ነው። እሱን የቀላል ሩጫ ጣሪያ ያደረገ ሰው ዕለት ዕለት ይሰቃያል። ሌላው አዲስ መንገድ በልብ ምቶች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት የሚያጠና ስሌት ነው። ዲኤፍኤ አልፋ 1 ይባላል፤ 0.75 ሲደርስ የኤሮቢክ ገደብ አካባቢ ነው ይላሉ ያጠኑት። ጥሩ የደረት ቀበቶና መተግበሪያ ይፈልጋል። ጥቂት የተዛቡ ምቶች ግን ውጤቱን ያጣምሙታል። ቴክኖሎጂ የሚወድ ይሞክረው፤ ብቻውን ግን አይመን።

ታዲያ ማን የትኛውን?

ገና የጀመረ ሰው የማፌቶንን ቀመርና የንግግሩን ፈተና ይዞ ጥቂት ወራት ቢሠራ ይበቃዋል። አንድ ሰዓት በተከታታይ መሮጥ የማይችል ሰው የአንድ ሰዓቱን ፈተና ሊሠራ አይችልም፤ አይቸኩል። ግማሽ ማራቶን ወይም ማራቶን የሚያስብ ሰው ወደ አንድ ሰዓቱ ፈተና ይለፍ። ሁለት መንገዶች ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ የሩጫው ፈተና 148፣ ንግግሩ 141 ካለ፣ ዝቅተኛውን ያዙና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድገሙት።

ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። ለጀማሪ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይደገም፤ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ዓመታት የሠራ ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢያየው በቂ ነው። ከሕመም ወይም ከረጅም እረፍት በኋላ የድሮው ቁጥር አይሠራም።

ገደባችሁ በቂ ከፍታ ላይ መድረሱን ለማወቅ ሁለተኛውን፣ አናይሮቢክ የተባለውን ገደብም ለኩ። ለብቻችሁ 30 ደቂቃ አቅማችሁ በሚፈቅደው እኩል ፍጥነት ሩጡ፤ የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ለሁለተኛው ቅርብ ነው። የመጀመሪያው 140፣ ሁለተኛው 165 ከሆነ ልዩነቱ 18 በመቶ ገደማ ነው። ሰፊ ነው። ጠንካራውን ልምምድ ቀንሳችሁ ቀላሉን አብዙ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲያንስ ፍጥነት መጨመር ያዋጣል።

የመጨረሻው ነገር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በኅዳር ለታላቁ ሩጫ የሚመጣ ሰው፣ እዚያ በለመደው ፍጥነት ቢሮጥ የልብ ምቱ ጉልህ ሆኖ ይጨምራል። አልደከመም፣ አልታመመም፤ አየሩ ስስ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ፍጥነቱን ረስቶ በትንፋሽ ይሩጥ። ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ፈተናውን እዚሁ ይድገመውና በአዲሱ ቁጥር ይሥራ። ሲመለስ የዚያኛውን ሀገር ቁጥር ያወጣል።